ከወንድሜ ጋር የተላለፉት ደብዳቤዎች

አሰብ፣ ጥር 29 ቀን 1986 ዓ.ም.

የልጄ የአልማዝ ሠርግ ደሴ ነው፤ ደጋሹ ወንድሜ ነው። እሱ «ከዐቢይ ጾም በፊት» ሲል፣ እኔ «ከፋሲካ በኋላ» ስል ስንጻጻፍ ከረምን። ባለፈው ሳምንት እልኬን ውጬ «እንዳልከው ይሁን» የሚል ደብዳቤ በከባድ መኪና ሹፌር ላክሁ። ዛሬ ሌላ ሹፌር የእሱን አመጣልኝ። ለእሱ የደረሰው ገና የቀድሞው እምቢታዬ ነው፤ «እሺ፣ ከፋሲካ በኋላ ይሁን፤ ድንኳኑን ለቅቄአለሁ» ይላል።

ጮክ ብዬ ሳነበው ሹፌሩ ሳቀ። «አባባ፣ ስልክ አይደውሉም?»

«በስልክ የተባለ ይካዳል» አልኩት።

አልማዝ አልሳቀችም። «አባዬ፣ አንዳችሁ ዝም በሉ። እሺ ስትባባሉ ጾሙ ይገባል።»

በዕድሜዬ ደብዳቤ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም። ሹፌሩን «መልስ የለኝም» ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። እሺታዬ ሲደርሰው ድንኳኑን መልሶ ይይዛል፣ ወይስ እሱም የእኔን መልስ እየጠበቀ ዝም ይል ይሆን?