የጠረጴዛው ጥሪ ለምን እንደቀረ

ውድ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበት ለቀቀሽ ወይስ አሁንም መሀል ላይ ያስቆምሻል? ባለቤትሽስ የሌሊቱን ፈረቃ ተገላገለ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ አሁንም እንቅልፍ ትከለክልሻለች? እኔ ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት፤ ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ራሷ ታሾልካለች፣ ስለዚህ የእኔን ስፌት መተቸት ጀምራለች። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ስፌት ቤታችን ነው። ከሌላ ሰው ሰምተሽ ከምትቀየሚኝ ከእኔው ብትሰሚው ይሻላል። አንቺ ያወጣሽውን ደንብ ሽሬዋለሁ።

መቼም አትረሺውም፤ ቆራጩ ጨርቁን ቆርጦ ሲጨርስ ከጠረጴዛው «ኮት!» ወይም «ሱሪ!» ብሎ ይጣራል፣ ቀድሞ «ለእኔ!» ያለ ይወስደዋል። ሰፊዎቹ የሚከፈላቸው በሰፉት ልክ ስለሆነ ጥሩው ሥራ የፈጣን አፍ ነው። ማንም እንዳያንቀላፋ ብለሽ ነበር ያመጣሽው፤ እውነትም ያንቀላፋ አልነበረም።

ክረምት ላይ አንዲት ሰፊ ቀጠርኩ። በልጅነቷ ታማ መስማት የተሳናት ናት፤ አፍሽን እያየች የምትዪውን ትይዛለች፣ መልሷንም ጎላ ባለ ድምፅ ትናገራለች። ሁላችንም ደስ ብሎን ተቀበልናት። የት እናስቀምጣት ብለን ተማከርንና የስፌት መኪኖቹ ጩኸት እንዳይረብሻት ከጓዳው መስኮት ሥር፣ ፀጥ ያለው ቦታ ላይ አስቀመጥናት። አትሳቂ፤ ከመካከላችን አንድም ሰው ነገሩ አልከነከነውም።

እዚያ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል፣ ጠርዝ ስታጥፍ ከረመች። ጥሪው አይደርሳትም። ኮቱ ሁልጊዜ የአፈጮሌ ነበር። አፈጮሌ ያልናት ካንቺ በኋላ የመጣች ሰፊ ናት፤ ቆራጩ ገና ትንፋሽ ሲወስድ «ለእኔ!» ትላለች። እጇም እንደ አፏ ነው፣ አይካድም።

አንድ ሰኞ አዲሷ ፊቴ ቆመችና ለቅቃ ሌላ ስፌት ቤት ልትገባ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ምን በደልንሽ ብላት፣ «አልበደላችሁኝም፤ አዘናችሁልኝ እንጂ። እኔ ኮት ሰፊ ነኝ፤ እዚህ ከቆየሁ እጄ ይረሳዋል» አለችኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ታገሺኝ ብቻ አልኳት።

በምሳ ሰዓት ሠራተኞቹን ሰብስቤ፣ ጥሪው ይቅርና ሥራው በተራ ይሁን አልኩ። አፈጮሌ ብድግ ብላ፣ «እንግዲህ የሮጠና የተኛ እኩል ሊበላ ነው?» አለች። ቆራጩም፣ «እኔስ ካልጮህኩ ማን ሰው ይለኛል?» ብሎ አጉረመረመ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምሩን ነው። ከዚያ አንቺ የምታውቂያት አንጋፋዋ ሰፊያችን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንድ ጆሮዋ ከደከመ መሰንበቱን፣ ጥሪው እያመለጣት ሰው የተወውን ስትለቃቅም መክረሟን ተናገረች። «አርጅታለች ብላችሁ እንዳታስወጡኝ ነው ዝም ያልኩት» አለች። አፈጮሌ የያዘችውን ጉርሻ ሳትጎርስ ቀረች።

እትዬ፣ ደንብሽ መጥፎ ነበር አልልም። ጥቂት ሆነን ስንጀምር ማን ምን እንደቀረበት በዓይናችን እናይ ነበር። ቤቱ ሰፍቶ ሰው ሲበዛ ግን ደንቡ ሰነፉን ትቶ የማይሰማውን መቅጣት ጀመረ።

አሁን የአዲሷን መኪና ከቆራጩ ጠረጴዛ ፊት ለፊት አድርገነዋል። እሱም ባለተራዋን በእጁ ይጠራል፣ ሲያስረዳም ፊቱን ወደ ብርሃን ያዞራል። አፍህ አይታየኝም ብትለው ጢሙን ተቆረጠ፤ ይህን ሰምታ ሚስቱ ልታመሰግናት መጥታ ነበር። አፈጮሌ ግን አሁንም ታኮርፋለች። ገቢዋ ስለቀነሰ አልፈርድባትም፤ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ለእሷ እንዲሆን ተስማምተናል፣ ይበቃት እንደሆነ ገና አላውቅም።

ዓርብ ዕለት የአዲሷ ተራ ደረሰና ኮት ወሰደች። ስትጨርሰው የኮሌታው ግራና ቀኝ አልተካከለም፤ ከኮት የራቀ እጅ መሆኑ ያስታውቃል። እኔ አይቼ እንዳላየሁ ላልፈው ነበር። ቆራጩ ግን ኮቱን አንስቶ አየና ፊቷ ቆሞ፣ «አንቺ፣ አንገቱ ለተጣመመ ሰው ነው የሰፋሽው? ተርትሪው!» አላት፤ ሌሎቹን እንደሚቆጣው አድርጎ። እኔ ደነገጥኩ። እሷ ተርትራ እንደገና ሰፋችው። ስንዘጋጋ ወደኔ መጥታ፣ «በዚህ ቤት የተቆጣኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሰኞ እመጣለሁ» አለችኝ።

ባለቤትሽን እንደ ወንድም የምወደው መሆኔን ንገሪልኝ። ትልቁን ልጅ ቁመቱን ለክተሽ ላኪልኝ፤ ሱሪ እሰፋለታለሁ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። አማትሽን እጅ ነስቻለሁ በያቸው። እማዬ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ ትልሻለች። አንቺም በደንቡ ነገር ከከፋሽ አታባብዪኝ፤ ተቆጪኝ።

ታናሽሽ
ከስፌት ቤታችን፣ ኅዳር 9 ቀን