የውሃ ቧንቧ ቢሆን ኖሮ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንደምን ነህ አልልህም፤ መልስ የማይመጣበት ጥያቄ እንደማልወድ ታውቃለህ። እኔ ደህና ነኝ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ልጃችን ሕሊና የብስክሌት ውድድር ላይ ናት። ስልኩን ፊቴ አስቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ካልጻፍኩ እደውላለሁ፤ ስትነዳ እንዳልደውል ደግሞ አስምላኛለች።

ቤቱ ያው ነው። የሳሎኑ ጣሪያ የሚያፈስበትን ቦታ አስጠገንኩት፤ አሁን በሌላ በኩል ያፈሳል። ከጀርባችን ያለው ባዶ ቦታ ላይ ፎቅ እየወጣ ነው፤ የሲሚንቶው ብናኝ ልብስ ማስጣት ከለከለን። ዕድሩ በአንተ ቦታ እኔን መዝግቦኛል። ከሶፋው በላይ የሰቀልከው ብስክሌትህ ግን የለም። የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ያወረደችው ሕሊና ናት። ክለቡ የሚያውሳት ብስክሌት ከባድ ነው፣ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ይጎትተኛል ስትል ከረመች። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ ሚስማሩ ባዶውን ቀርቷል፤ እሷ ግቢ ውስጥ ጎማ ትነፋለች። «የአባ ጣሊያን ብስክሌት ቤት ተሰቅሎ እኔ ለምን ብረት እጎትታለሁ?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። የቃሊቲን መንገድ ታውቀዋለህ፤ ተሳቢ ሲያልፍ ነፋሱ ብቻ ሰው ይጥላል።

ፍርሃቴ ግን የመኪና ብቻ አልነበረም። ከበራችን ወደ አስፋልቱ ስትወጣ፣ ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ብስክሌቱ ቂ ይላል። «ሰንሰለቱ ነው እማ፣ ዘይት አምሮት ነው» አለች። ዘይቱን አጠጣችው፤ ድምፁ አልተወም። እኔ ዕድሜዬን ፈትል ማሽን ሥር የጨረስኩ ሰው ነኝ። ማሽን ከመሰበሩ በፊት እንዴት እንደሚጮህ አውቃለሁ። እንቅልፍ አጣሁ። በማግሥቱ ፋብሪካ ሳልገባ ብስክሌቱን እየገፋሁ አቃቂ በሰቃ፣ ብስክሌት ጠጋኙ ወዳጅህ ጀማል ዘንድ ሄድኩ።

ጀማል ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሳቀ። ስንት ዘመን የተሟገታችሁበትን ፍሬም ይዤለት መጣሁ። አንተ ከጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ስትገዛው፣ አንድ ጣሊያን መሐንዲስ ትቶት የሄደ ነው ብሎሃል። የውድድር ቱቦ ነው፣ ግድግዳው እንደ ወረቀት የሳሳ ነው ትል ነበር። ጀማል በአንድ እጁ ያነሳውና ከብዶት ትከሻውን ይይዛል። በመፍቻ ይመታዋል፤ እንደ ደወል መጮህ ሲገባው ዱብ ይላል። «ታደሰ፣ ያንተ ጣሊያን የአቃቂን ወንዝ አልተሻገረም፤ ይሄ የውሃ ቧንቧ ነው!» ይልሃል። ቀለሙን ፍቄ ልይ ሲልህ ግን እንቢ አልከው። ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

አሁን የሚከለክለው የለም። ድምፁ የሚመጣበትን ቦታ በጆሮው ፈልጎ አገኘና፣ ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ወፍራሙን ቱቦ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው። ከቀለሙ ሥር የብየዳ እብጠት ወጣ። በኤሌክትሪክ የተበየደ። ጀማል መሳቁን ተወ።

«እህት ዓለም፣ ጸልዪ» አለኝ። «ምን ብዬ?» ስለው፣ «ታደሰ ውሸታም እንዲሆን» አለኝ።

ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። የውሃ ቧንቧ ወፍራም ነው፤ ብየዳ ይችላል፣ ዕድሜ ልክ ይነዱታል። ቀጭኑ የውድድር ቱቦ ግን በኤሌክትሪክ ከተበየደ ከብየዳው ዳር ይቃጠላል፤ ይቆይ እንጂ አንድ ቀን ከዚያው ዳር ይለቃል። ዳገት ላይ ከለቀቀ ጉልበት ይላጣል። ቁልቁለት ላይ ከለቀቀ ምን እንደሚሆን ግን ጀማል አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

እውነት ለመናገር ጸለይኩ። ያን ያህል ዘመን የኮራህበት ነገር ቧንቧ ሆኖ እንዲገኝ፣ በሞትክ በሁለተኛ ዓመትህ ውሸታም እንድትባል ለመንኩ።

መጀመሪያ የኮርቻውን ዘንግ አየ። ቱቦዎቹ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው አለኝ፤ ግድግዳው ከሳሳ ግን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ወፍራም ዘንግ ይገባበታል። ያንተ ዘንግ ቀጭን ነበር። «አላልኩሽም? ቧንቧ!» አለ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ዘንጉን ሲመዘው የተጠቀለለ ቆርቆሮ አብሮት ወጣ። ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ነው፤ ጽሑፉ እንኳ አልለቀቀም። ወፍራሙን ዘንግ ገበያ ብታጣ ቀጭኑን በቆርቆሮ ሞልተህ ሰክተኸዋል። ጀማል ቀዳዳውን ለካ፣ ደግሞ ለካ፤ ሰፊ ነው።

ቀጥሎ ፔዳሎቹ የሚዞሩበትን ቀለበት ፈታ። እጁ የሚገባው አብዛኛው ብስክሌት በአንዱ ጎን በተቃራኒ ነው የሚፈታው፤ የጣሊያኑ በሁለቱም ጎን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። አንዱን ወደ ግራ ፈታው። ብስክሌቱን ገልብጦ ሌላውንም ወደ ግራ ፈታው። «ወላሂ ጣሊያን ነው» አለ፣ በረጅሙ ተንፍሶ። ደስ ያለው አይመስልም።

«ታዲያ ለምን ይከብዳል?» አልኩት። የመጨረሻው ተስፋዬ ክብደቱ ነበር። የስልኩን መብራት አብርቶ በከፈተው ቀዳዳ ወደ ቱቦው ውስጥ አሳየኝ። ፌሮ ነው። የቤት ምሰሶ ውስጥ የሚገባው ባለ ሸንተረሩ ፌሮ፣ ከዳር እስከ ዳር ገብቷል። ዱብ ያሰኘውም፣ ትከሻ ያስያዘውም እሱ ነው። እኛ ሰፈር የተሰበረ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ፌሮ ነው፤ በር ቢሆን፣ አልጋ ቢሆን፣ ጋሪ ቢሆን። አንተም ለጣሊያንህ ያንኑ አዘዝክለት።

ታዴ፣ የዚያን ጊዜ ነው ትከሻህ ትዝ ያለኝ። አንገትህ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ የመጣህ ዕለት የጭነት መኪና ገፋኝ አልከኝ። ሸሚዝህን በመቀስ ቀድጄ ሳወልቅልህ ሾፌሩን ስረግም አንተ ጣሪያ ታያለህ። ሕመሙ መስሎኝ ነበር። ለካ ፍሬሙ ነው የተሰበረብህ። እኔ ብሰማ እጥለዋለሁ፣ ጀማል ቢሰማ ይስቅብሃል። ስለዚህ ጀማልን አልፈህ፣ ምናልባት ሳሪስ ድረስ ወስደህ አስበየድከው፣ ቀለም ቀባኸው፣ ዝም አልክ። ከዚያም በኋላ ነዳኸው! እኔ በር ላይ ቆሜ «ደህና ግባ» እያልኩህ።

ጀማል በጥፍሩ ከብየዳው ዳር ያለውን ስንጥቅ አሳየኝ። ፀጉር ታክላለች።

ሕሊና አላመነችንም። ጀማል ሱቅ ድረስ መጥታ «አባ በእሱ ስንት ዓመት ነድቷል እኮ» እያለች ተከራከረች። ጀማል ግድግዳ ላይ መልሳችሁ ስቀሉት አለ። ግድግዳውን አላመንኩትም። የአንተ ልጅ ናት፤ አንድ ቀን ታወርደዋለች፣ ፌሮው ይዞታል ትላለች። ብንሰጠው ወይ ብንሸጠው ደግሞ የሰው ልጅ ይወድቅበታል። ጀማልን ቁረጠው አልኩት። «እኔ? የታደሰን? አላደርገውም» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሴጌቶውን ከጠረጴዛው አንስቼ ብየዳው ላይ አሳረፍኩት።

ቱቦው ምንም አልታገለኝም። እንደ ጣሳ ነው የተቆረጠው፤ እንዳልከው ወረቀት ነበር። ፌሮው ላይ ስደርስ ግን መጋዙ ቆመ። ገፋሁ፣ ሳብኩ፣ ክንዴ ዛለ። ያን ጊዜ ሕሊና መጥታ ሴጌቶውን ከእጄ ወሰደች። እያለቀሰች ጨረሰችው፤ የላይኛውንም ቱቦ ቆርጣ ፍሬሙን ለሁለት ከፈለችው።

የፊተኛውን ግማሽ ጀማል ለመነኝና ሰጠሁት። ሱቁ በር ላይ ሰቅሎታል። የተቆረጠው አፉ ወደ ውጭ ነው፤ የቱቦው ስስነትም ፌሮውም ይታያል። ምንድነው ለሚለው ሁሉ «ጣሊያን ነው። ባለቤቱ ሲነግረኝ አላመንኩትም» ይላል።

አሁን ስልኩ ጮኸ፣ ብዕሬን ጣልኩት።

እሷ ናት። «እማ፣ ጨርሻለሁ፣ ደህና ነኝ።» ስንተኛ ወጣሽ አልኳት። «አትጠይቂኝ! የክለቡ ብስክሌት እኮ የውሃ ቧንቧ ነው!» ጮኸችብኝ። ተመስገን አልኩ፣ ድምፄን አውጥቼ። ምኑ ነው ተመስገን ብላ ዘጋችብኝ።

ታዴዬ፣ ያንን ሾፌር ከእርግማኔ ፈትቼዋለሁ፤ ስንት ዘመን የረገምኩት ሰው ለካ አልነበረም። አንተን ግን አልረሳህም። ቀለሙን እንዳይፍቅ ጀማልን ስትከለክለው የነበረውንም ፊትህን አልረሳም። ሕሊና በወጣች ቁጥር፣ የምትወጣበትን ብስክሌት ቱቦ ለቱቦ በጥፍሬ እዳስሳለሁ። ዛሬ ጠዋትም አድርጌዋለሁ፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ እየተነጫነጨች። እስካለሁ ድረስ የማስታውስህ እንደዚያ ነው።

ያንተው ጽጌ