ስማችንን በር ላይ ላስነበቡት አስተዳዳሪ

ለክቡር አብደልዋሃብ፣ የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አስተዳዳሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የሰፈሩን ክብር ከቢሮዎ መስኮት ሲጠብቁ የደከሙት ዓይኖችዎ ዕረፍት እንዲያገኙ ከልቤ እጸልያለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ የሙሽራ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። መጠጥ ለማቆም በየማክሰኞው በባህል ቤቱ የኋላ ክፍል ይሰበሰቡ ከነበሩትና በእርስዎ ትእዛዝ በር ከተዘጋባቸው ሰዎች አንዷ ስሆን፣ የዋሉልንን ውለታ በቅደም ተከተል ላመሰግንዎ ብዕር አነሳሁ።

አንደኛ፤ "በሰፈራችን ጠጪ የለም" ብለው በአደባባይ ስለመሰከሩልን አመሰግናለሁ። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ወደ ጤና ጣቢያው ሄጄ ባላፈርኩ ነበር። እዚያ ያለችው ነርስ፣ "እህቴ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር እኛ ዘንድ የለም፤ ወደ ዋና ከተማው፣ ወደ ቱኒስ ሂጂ። ደግሞ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ሰው ይሰማል" ስትለኝ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ የሰማው የእኔን ሳይሆን የእሷን ድምፅ ነበር። ስብሰባውን ያገኘሁት በእናንተ በኩል አይደለም። ወደቡ ዳር መረብ የሚጠግኑት፣ ሁላችንም አጎት በሚል አክብሮት ዓሚ ሙንጂ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ቀን በፊታቸው ሳልፍ ከመረቡ ላይ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ልጄ፣ እጅሽ እንዲህ እየተንቀጠቀጠ መርፌ እንዴት ትይዣለሽ? የእኔም እንዲሁ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነይ፤ ማንም ስምሽን አይጠይቅሽም" አሉኝ። ሄድኩ። በእውነትም ማንም አልጠየቀኝም።

ሁለተኛ፤ ይህን ጉድለት ስላረሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዘበኛዎ ተይብ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ማን እንደሆናችሁ ሳይታወቅ ስብሰባ የለም፤ ትእዛዝ ነው፣ እኔን ምን አድርግ ትሉኛላችሁ?" እያለ መታወቂያችንን ሰበሰበና፣ ገበያተኛው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ስማችንን እስከ አያት ድረስ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበው፤ በሩን ግን አልከፈተልንም። ከመካከላችን አዲስ የነበረው የወደቡ ክሬን ሾፌር ሉጥፊ የራሱን ስም ሲሰማ፣ ፊት ለፊት ዳቦ የሚሸጠው የሚስቱ ወንድም ዘወር ብሎ አየው። ሉጥፊ መታወቂያውን ከዘበኛው እጅ ነጥቆ መንገዱን ተሻገረ። በመንገዱ ማዶ ያለው፣ እርስዎ በቅርቡ ፈቃዱን በደስታ ያደሱለት መጠጥ ቤት ነው። እዚያ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም።

ሦስተኛ፤ የጽናታችንን ልክ እንድናውቅ ስለረዱን። ሉጥፊን ለማውጣት መግባት ነበረብን፤ ብንገባ ደግሞ ማናችን ተመልሰን እንደምንወጣ እርግጠኛ የሆነ አልነበረም። የቢራው ሽታ ከበሩ ላይ ተቀበለኝ። ዓሚ ሙንጂ፣ "እኔ እገባለሁ። የሚፈራ እዚህ ይቁም፤ የቆመም አያፍርም" አሉ። ተከተልኳቸው። ሉጥፊ አንዱን ብርጭቆ ጨርሶ ሁለተኛውን አስቀድቶ ነበር።

"ተዉኝ!" አለ። "አሁን ሁሉም ሰምቷል። ምን ቀረኝ?"

"አንተ ቀረህ" አሉት ዓሚ ሙንጂ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ። "ክፍላችንን ዘግተውብናል፤ ስለዚህ ስብሰባው እዚህ ነው።"

ክቡርነትዎ ቢያዩን እንዴት ደስ ባልዎት! ውጭ የቆሙትም አንድ በአንድ ገቡ። ባለቤቱ "ምን ልታዘዝ?" ሲል ለሁላችንም ሎሚ ጭማቂ አዘዝንና፣ በጠርሙስ መደርደሪያው ሥር እንደ ሁልጊዜው ተራ በተራ መናገር ጀመርን። የኔ ተራ ሲደርስ ሁለቱን እጆቼን ከጠረጴዛው ሥር አጥብቄ ይዤ ነበር፤ የሉጥፊ ብርጭቆ ከፊቴ ነበረና። ስለ ሉጥፊ አልተናገርኩም፤ ስለዚያ ብርጭቆ ተናገርኩ፤ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ምን ያህል እንደምፈልገው። ሉጥፊ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ባንኮኒው ወሰደውና፣ "ውሰድልኝ" አለው ባለቤቱን። "ፈጥነህ ውሰደው!" ሁላችንም አብረን ወጣን፤ እስከ ቤቱ በር ድረስም ሸኘነው።

አራተኛ፤ ከመካከላችን አንዲት መምህርት ነበረች። ዘበኛው ከሁላችንም አስቀድሞ ያነበበው የእሷን ስም ነው። እኛ ሉጥፊን ስንከተል እሷ ወዴት እንደሄደች ያየ የለም። ከዚያ ወዲህ በሯን ብናንኳኳ አትከፍትም፤ ከውስጥ ግን የጠርሙስ ድምፅ ይሰማል። ለዚህኛው የሚሆን የምስጋና ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ስማችንን ለማወቅ ያሳዩት ጉጉት እጅግ ስለነካኝ፣ የሌሎቹን ሳይሆን የራሴን ብቻ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ጽፌልዎታለሁ። በሰፈሩ ንጽሕና የሚኮሩበት ዘመን ይርዘምልዎ እያልኩ፣ ከዝቅተኛ ወንበሬ ላይ ሆኜ እጅ እነሳለሁ፤

ነዚሃ ቢንት ሳላህ ዘዋሪ፣
የሙሽራ ልብስ ሰፊ፣ በዚህ ሰፈር የሌለች ጠጪ

ማስታወሻ፦ አሁን የምንሰበሰብበትን ቦታ ሆን ብዬ አልጻፍኩም፤ ተይብ በከንቱ እንዳይደክም አስቤ ነው። ነገር ግን ከቤትዎ አንድ ሰው፣ ወይም አያድርገውና እርስዎ ራስዎ፣ አንድ ቀን ቢቸግርዎ በወደቡ ዳር፣ ዓሚ ሙንጂ ዘንድ ጎራ ይበሉ። ወንበር እንሰጥዎታለን። ማን እንደሆኑ ብናውቅም በር ላይ ቆመን አንጮህም።