ጓዳ ውስጥ ያበራሁት ባትሪ

ሰኞ

«አይጥ!» ብዬ ጮህኩ። ወላሂ እንዲህ ነው ያልኩት። አይጥ አልነበረም። አማቴ ናቸው፤ ሀጂ ከድር፣ የባለቤቴ የጀማል አባት።

ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ የባጃጁ ሙስጠፋ የእጅ ባትሪ ፈልጎ ሱቃችን መጣ። ከጎባ ሲመለስ መንገድ ላይ ቢበላሽበት ጭቃው ውስጥ ምን ይዞ ያያል? ጀማል ከሻሸመኔ ያመጣቸውን አዲሶቹን ኤልኢዲዎች ደረደርኩለት። እኔ ደግሞ ባትሪ ከተነሣ አፌ አይዘጋም። የአምፖሉን ብዛት አትቁጠር አልኩት፤ ዘጠኝ ዓይን ስላላት ብቻ ጥሩ ናት ማለት አይደለም። ግድግዳ ላይ አብራት፤ ብርሃኗ መሃሉ ጠቁሮ ቀለበት ከሠራ ተዋት። ማብሪያዋን ተጫን፤ ከላላች ዕድሜ የላትም። ገጠር ለሚኖር የባትሪ ድንጋይ የምትበላዋ ትሻላለች፣ ቻርጅ የምትደረገዋ በፈረቃም ቢሆን መብራት ለሚያገኝ ነው። ሪራ ጫካ ገብቶ ማር ለሚቆርጥ ሰው ግንባር ላይ የምትታሰረዋ፣ ሶፍ ዑመር ዋሻ እንግዳ ለሚያስገባ ብርሃን ሰፋ አድርጋ የምትለቀዋ።

በቀን ግን ባትሪ ሁሉ አንድ ነው። ስለዚህ ገዢን ወደ ሱቁ ጓዳ እወስዳለሁ። መስኮት የለውም። እኔ በሩ ላይ ቆሜ፣ ገዢው ከኋላዬ ሆኖ፣ ወደ ውስጥ እናበራለን። የሮቤ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የነኢማን ጓዳ ሳያይ ባትሪ የሚገዛ የለም።

ዛሬ ምርጧን ይዤ ገባሁ። አንገቷ ወደፊት ሲሳብ ብርሃኗን አጥብባ ሩቅ የምታደርሰዋን። ጥግ ላይ ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ያ አላህ፣ ደስ አለኝ እኮ! አሁን ባትሪዬ ምን እንደምትችል ይያት ብዬ፣ «አይጥ!» አልኩና ብርሃኑን አጥብቤ ለቀቅኩት።

አባ ናቸው። ኬሻ ላይ ቁጭ ብለው። በእጃቸው ዳቦ፣ ጉንጫቸው ሙሉ። በረመዳን፣ በቀን ብርሃን። ብርሃኑ ልክ አፋቸው ላይ አረፈ።

ላጠፋት ተጫንኳት። ይቺ ባትሪ አንድ ጊዜ ሲጫኗት አትጠፋም። መጀመሪያ ትደበዝዛለች፣ ቀጥሎ ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ከዚያ ነው የምትጠፋው። ይህን ለገዢ ሁሉ እንደ ትልቅ ነገር የምነግረው እኔ ነኝ። እና አባን፣ ጎረቤት የሚነሣላቸውን ሰው፣ በእጃቸው ፊታቸውን ሲከልሉ ብልጭ ድርግም አደረግሁባቸው።

ሁሌ በሩ ላይ የሚያወልቁት የላስቲክ ጫማ ዛሬ አልነበረም። ዝናብ ስለሆነ ይዘውት ገብተው ነዋ። እኔ መስጊድ ናቸው ብያለሁ።

ሙስጠፋ ሳይገዛ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበር! ባለፈው ረመዳን ባጃጁ ውስጥ ሲያጨስ አግኝተው ሲጋራውን ከአፉ የነጠቁት አባ ናቸው። ገበያ መሃል። «አላፈርክም?» ብለው። ያን ቀን ጥርሱን ነክሶ ነበር የሄደው። አሁን ተራው ደረሰው።

አባ ዳቧቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ወጡ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ባንኮኒ እወለውላለሁ። ንጹሑን ባንኮኒ።

ማክሰኞ

አባ በየጠዋቱ «ኢንተላ ኮ» ይሉኝ ነበር፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ዛሬ «ነኢማ» ብቻ። ስሜ እንዲህ ቀዝቃዛ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ ራሳቸውን በመርፌ ይወጋሉ፤ መድኃኒቱ ሱቁ ጓዳ ውስጥ በሸክላ ማሰሮ ይቀመጣል፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ። ጾሙ ሲገባ «ሐኪሙ መጾም ፈቅዶልኛል» አሉን። እኛም አመንን። እውነት ለመናገር፣ ማመኑ ስለቀለለን ነው። ሌላው ሲታመም ቤቱ ድረስ ሄደው፣ «አላህ በሽተኛን አላስገደደም፣ ብላ» የሚሉት እሳቸው! ለራሳቸው ሲሆን ግን እንደ ሌባ ጓዳ ገቡ።

ቢነግሩኝ ምሳቸውን እሠራላቸው ነበር። ለማንም ትንፍሽ አልልም ነበር። ግን ለማን ይንገሩ? አይጥ ብላ ለምትጮህ?

ጀማል ደወለ፤ ዕቃ እየጫነ ነው፣ አርብ እገባለሁ አለ። «አባ ደህና ናቸው?» አልሐምዱሊላህ አልኩ። ምላሴ እንዴት እንደቀለላት።

ከሰዓት ሙስጠፋ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች አስከትሎ መጣ። አበቃልን አልኩ። አንደኛው ይስቅበታል፦ «ትናንት ባትሪ ልግዛ ብለህ ሄደህ ምነው ባዶ እጅህን?» ሙስጠፋ ያቺን ባትሪ አነሣት፣ አገላበጣት፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፦

«ይቺ? ይቺማ አትረባም። ጓዳ ድረስ ሄጄ አየኋት። ምንም አታሳይም፣ ጨለማ በጨለማ ነው።»

እኔን እያየ።

በባትሪዬ ቀልድ አላውቅም። አንዴ አንዱ «የቻይና ዕቃ» ቢለኝ ከሱቅ ያባረርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን፣ «እውነቱን ነው፣ ደካማ ናት፤ ጀማል ተሸውዶ ነው ያመጣት» አልኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ! እግሩን ብስመው ደስ ባለኝ።

ከሄዱ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ከትናንት ጀምሮ ይህን ልጅ በልቤ ስንት ስም ሰጥቼዋለሁ።

ረቡዕ

ቀለለኝ ብዬ ነበር። ኧረ የት አባቱ።

ሳሙና ላወጣ ጓዳ ገባሁ። ወገቤ ላይ የማስራትን ትንሿን ባትሪ አበራሁ። ከኬሻዎቹ ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ። የሰኞው ነው፤ በጋቢ ሸፍነው የወጡትን መልሰው አምጥተውታል፤ አንድ ቦታ ተነክሷል፣ ከዚያ ወዲያ አልተነካም። ማሰሮው አጠገብ ደግሞ የዛሬ ጠዋት መርፌ።

ይወጋሉ፣ አይበሉም ማለት ነው።

ጎባ ሆስፒታል ነርሷ ሥራዬ ብላ የነገረችው ለእኔ ነው፦ መርፌው ከተወጋ ምግብ መከተል አለበት፣ አለዚያ ስኳሩ ወርዶ ይጥላቸዋል። አውቃለሁ። እያወቅሁ ቆምኩ። «አባ፣ ይብሉ» ማለት እኮ ነው። ግን እንዲህ ካልኩ «አይቼዎታለሁ» አልኩ ማለት ነው። ካላየሁ እንዴት አውቄ?

ትኩስ ዳቦና ተምር አስቀምጬ ወጣሁ። ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው። ሱቁን ስዘጋ አየሁት፣ እንዳለ ነው። ፈሪ ነኝ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ኢፍጣር ላይ ፈረቃው የእኛ ሆነና መብራት ጠፋ። ሌላ ጊዜ ይህቺን ሰዓት እወዳት ነበር። ትልቋን ባትሪ ወደ ጣራ አዙሬ፣ ነጭ የውሃ ጀሪካን ከላይዋ እደፋባታለሁ፤ ብርሃኑ ቤቱን ሞልቶት ሾርባው ሳይቀር ያምራል። ዛሬም ልማዴ ነውና አደረግሁት። አባ ፊታቸውን አዞሩ። «አንሺው» አሉ። ማታውን ሙሉ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው። በሻማ በላን።

ነገ እነግራቸዋለሁ። ነገ።

ሐሙስ

ወደቁ።

ከአስር ሶላት በፊት ነው። ከመስጊድ በኩል ሲመጡ አየኋቸው፣ አካሄዳቸው የሰካራም። በዚህ ብርድ ፊታቸው በላብ ተጠምቋል። «አባ፣ ማል ታተን?» አልኳቸው፤ ምን ሆኑ? በሞቱት ባለቤታቸው ስም ጠሩኝና ሱቁ በር ላይ ጭቃው ውስጥ ዘፍ አሉ።

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጾሙ ነው ይላል፣ አንዷ ውሃ ርጩባቸው ትላለች፣ አንዱ «ማሻአላህ፣ በዚህ ዕድሜ እየጾሙ» ይላል። እኔ ስኳሩ እንደወረደ አውቄያለሁ። ከኬሻው በእጄ ሙሉ ስኳር ዘግኜ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በረመዳን፣ የሀጂ ከድርን አፍ ከፍቼ ስኳር ላስገባ? ሁለተኛ ላጋልጣቸው? ካላደረግሁስ?

እውነቱን ልጻፍ፣ ሌላ ማንም አያነበውም። ቆምኩ። ሰው ምን ይላል ብዬ ቆምኩ። ስኳሩ በጣቶቼ መሃል ይፈሳል፣ እኔ ሰው አያለሁ።

ሙስጠፋ ባጃጁን ሕዝቡ መሃል አስገብቶ አቆመ። ማንንም አልጠየቀም። ከአንድ ሰው ጋር ተሸክመው አስገቧቸው፤ የግራና የቀኙን ሸራ ወደ ታች ለቀቀው። ከዚያ ዞሮ ጮኸብኝ፦ «ምን ትገተሪያለሽ፣ ነኢማ! ግቢ!»

ገባሁ። ውስጡ ጨለማ። ትንሿን ባትሪዬን ጥርሴ ላይ ነክሼ፣ በጣቴ ስኳሩን ድዳቸው ላይ ማሸት ጀመርኩ። ትንሽ በትንሽ። ባጃጁ ይዘላል፣ ስኳሩ ጢማቸው ላይ ይበተናል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ ምራቄ በባትሪው ላይ ይወርዳል። ሙስጠፋ እስከ ጎባ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ኋላ አልዞረም።

ጎባ መግቢያ ላይ ዋጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ነው።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፣ «አጥፊው።»

ይቺኛዋ አንድ ጊዜ ሲጫኗት ትጠፋለች። አልሐምዱሊላህ።

አርብ

ሐኪሙ ይጹሙ ብሎ የፈቀደላቸው ቀን እንደሌለ ነገረን። እኔንም ተቆጣኝ፤ «ቤት ውስጥ ሰው የለም ወይ?» አለ። «አለ፣ ሰው አለ» ብዬ መለስኩ።

ከሰዓት አባን ይዤ ሮቤ ተመለስኩ፤ ማታ ጀማል ገባ። አንድም ሳልደብቅ ነገርኩት፣ አይጡንም፣ ዳቦውንም፣ በሩ ላይ መቆሜንም። እስክጨርስ ሰማኝና መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ሙስጠፋ ያወራ ይሆን?» የሚል ነው።

ደሜ ፈላ! «አባትህ ሊሞቱ ነበር፣ አንተ ስለ ወሬ ታስባለህ?» ብዬ ጮህኩበት። አንገቱን ደፋ።

በኋላ ልብስ ሳጥፍ ትዝ አለኝ፤ ሰኞ ዕለት የእኔም የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ስመለስ ተኝቷል።

ቅዳሜ

ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ብዙም ሳልቆይ አባ መጡ። ሰላም ብለውኝ በቀጥታ ጓዳ ገቡ። ዛሬ ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ።

«ነኢማ፣ ባትሪሽን አምጪ።»

ትንሿን ይዤ ሄድኩ። «ይቺን አይደለም። ያቺን።»

ያቺን መንካት አሳፈረኝ። ከማክሰኞ ወዲህ መደርደሪያው ጥግ ወርውሬያት ነበር። አንገቷን መልሼ ብርሃኗን አሰፋሁና አበራሁ። አባ መርፌውን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ዓይናቸውን አጨነቆሩ። መስመሮቹ አይታዩዋቸውም። ስኳሩ ዓይናቸውን ይዞታል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ በግምት ነው የሚስቡት፣ እዚሁ ጨለማ ውስጥ። ባትሪ የምትሸጥ ምራት እያለቻቸው! ብርሃኑ መርፌው ላይ ወዲያ ወዲህ አለ።

«አጽኚው፣ ኢንተላ ኮ። እዚች ጋር።»

አጸናሁት። ተወጉ። ከዚያ ዳቦ አውጥተው ቁጭ አሉ።

«አባ፣ በሩን ልዝጋው?»

አሰቡ። «ግማሹን» አሉ።

ግማሹን ዘጋሁ። ተጠጋኋቸው፤ ብርሃኑ ወደ ግድግዳው ነው፣ ዓይኔም ግድግዳው ላይ። ይቅር በሉኝ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፦

«ይቺን ባትሪ ለሙስጠፋ ስጪልኝ። ከእኔ ነው በይው።»

«አትረባም ብሎ መልሷት ነበር እኮ» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ። ማክሰኞ አንቺ ሳታዪኝ ገብቼ እዚሁ ነበርኩ፣ ኬሻው ላይ። ዳቦው እጄ ላይ ነበር።» ሲያኝኩ ይሰማኛል። «ሲጋራውን ከአፉ የነጠቅሁት ልጅ እኮ ነው። እሱ እንዲያ ብሎ ሲሸፍነኝ ሰምቼ እንዴት ብዬ ልጉረስ?»

እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አስጥለን ልንገድላቸው የነበርነው እኔና ባትሪዬ ብቻ መስሎኝ።

ውጪ አንድ ገዢ «ነኢማ! ሱቅ ሰው የለም?» ብሎ ተጣራ። አባ ማኘካቸውን አቆሙ። «መጣሁ፣ ጠብቅ!» አልኩና አልሄድኩም። ቀስ ብለው መልሰው ማኘክ ጀመሩ። እስኪጨርሱ አበራሁላቸው።