ባለቀበቶው

ጥቅምት 4

ተራ ቀን ነበር። እስከ ምሳ ድረስ። ሌንስ የሚሞርደው ማሽን እንደ ልማዱ ሲያጉረመርም አረፈደ። አንዲት አስተማሪ አዲሱን መነጽሯን አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረችና “ለካ ዛፉ ቅጠል አለው” አለች። ሳቅን።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚጢጢ ከባንኮኒው ኋላ ስልኳ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። መነጽር ቤቱ ውስጥ የምንሠራው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ እኔ ካልጎተጎትኳት አትበላም። ምንድን ነው እንዲህ ያፈዘዘሽ ብዬ ጠጋ አልኩ። ጌም ነው። በልጅነታችን እንደነበሩት ዓይነት፤ ሥዕሉ ሁሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን የተለቀመ፣ አንድ ድንክዬ ሰውዬ ሰይፍ ይዞ የሚሮጥበት፣ የሚዘልበት። ልዩነቱ፣ አለችኝ፣ ዓለሙን ማንም ቁጭ ብሎ አልሣለውም። በጀመርሽው ቁጥር ጌሙ ራሱ አዲስ ዓለም ይሠራል። አንዴ በረሃ፣ አንዴ ደሴት፣ አንዴ ከተማ። እኔ ያየሁትን ዓለም ሌላ ሰው አያየውም አለች።

አንድ ነገር ብቻ አይቀየርም። የትኛውም ዓለም ውስጥ አንድ ቤት አለ። ቤቱ ውስጥ ረጅም ኮሪደር። ከኮሪደሩ ጫፍ ባለቀበቶው ይመጣል።

አየሁት። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳለ። ከዚያ ግራ እግሩን እየጎተተ መጣ። ሰፊ ቀበቶ እጁ ላይ ጠቅልሏል። ከኋላው መስኮት ላይ አፉ የተሸረፈ ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ...

የእኛ ማንቆርቆሪያ። የእኛ ኮሪደር። የእኛ አባባ።

ማን ነው የሠራው አልኳት። ነካ ነካ አደረገችና የታናሽ ወንድሜ የቤት ስም ወጣ። ባለፈው በስልክ “አንዲት ጌም ቢጤ እየሠራሁ ነው” ብሎኝ ነበር። ጌም ቢጤ። እሺ።

ለሚጢጢ ምንም አላልኳትም። ጆሮዬ ግን እስከ ማታ ሲግል ዋለ።

ጥቅምት 5

የሰው ሌንስ ሰነጠቅኩ። ሥራ አልተሠራም።

ጥቅምት 6

ደወልኩለት። ደህና ነህ ወይ የለ፣ ሰላምታ የለ። እንዴት አባታችንን የሰው መጫወቻ ታደርጋቸዋለህ አልኩት።

“እሱ ነው ደውዪለት ያለሽ?”

“እሳቸው በል” አልኩት። ሁልጊዜ እላለሁ። ሁልጊዜ አይልም።

የተባባልነው ሁሉ አሁን ይምታታብኛል። ስሙን አልጠራሁም አለኝ... የደረሰብኝን ነው የሠራሁት... ጌም ነው፣ በቃ። እኔም አልማርኩትም። አንተ ሩቅ ከተማ ተቀምጠህ ነጥብ በነጥብ ትሥላቸዋለህ፤ እዚህ ስኳራቸውን የምለካው፣ የእግራቸውን ቁስል የማጥበው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜያቸው የማያውቃቸው ሰው ሁሉ በሰይፍ ይጨቅጭቃቸው? ሽማግሌ ናቸው። ያደረጉትን እንኳ አያስታውሱም።

“ያስታውሳል” አለኝ።

ስንቴ እንደጠየቅኳቸው ነገርኩት። እኔ? መቼ? ነው የሚሉት። ዓይናቸው ውስጥ ምንም የለም። ረስተዋል፤ አንተም እርሳው።

“አንቺ ስለፈለግሽ ነው የረሳልሽ” አለኝ።

ዘጋሁበት። ምን ማለቱ ነው?

ጥቅምት 9

ስልኬ ላይ ጫንኩት። ምን ቢያስብ ነው እንዲህ ያደረገው፣ ልየው ብዬ። መኝታ ቤቴን ዘግቼ፣ ድምፁን አጥፍቼ። አባባ ሳሎን ሬዲዮ እየሰሙ ነው።

ያምራል። ይሄ ነው ይበልጥ የሚያቃጥለኝ። መጀመሪያ የሠራልኝ ዓለም ሰማዩ ወይን ጠጅ የሆነ ጫካ ነበር፤ እንጉዳዩ ከዛፉ ይበልጣል፣ የገመድ ድልድይ አለው፣ ከዋሻ የሌሊት ወፍ ይወጣል። ስሞት ሌላ ሠራልኝ፤ ውሃው በረዶ የሆነ ወደብ፣ መርከቦቹ ተሰንቅረው የቀሩበት። እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ የሚችል ልጅ... ታዲያ ይህን ሁሉ አስቦ መሃሉ ላይ ያንን ቤት ያስቀምጣል?

ባለቀበቶው አይሞትም። ሰይፍ አይነካውም፣ እሳት አይፈጀውም። መሮጥ ወይ መደበቅ ነው። ሰዎች ከሥር የጻፉትን አነበብኩ። አንዱ “አንካሳውን ገደል ከተትኩት፣ ተመልሶ መጣ” ይላል። የሳቀለት ሰው ብዛቱ። ደሜ ፈላ።

አመሻሽ ላይ ውሃ አሙቄ እግራቸውን አጠብኩ። የተረከዛቸው ቁስል ጠርዙ መድረቅ ጀምሯል። “እጅሽ እንደ እናትሽ ነው፣ አይጎረብጥም” አሉኝ። ከዚያ ስለ ጎረቤታችን ዶሮ አንድ ቀልድ አወሩልኝ፤ ሳፋውን ልደፋው ነበር በሳቅ። ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እሳቸውን ሳይሰማ አያልፍም። እኚህን ሰው ነው ጭራቅ ያደረጋቸው።

ጥቅምት 12

ሚጢጢ እኔም እንደምጫወት ደረሰችብኝ። ደስ አላት። ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምሞት ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች፤ ያለ ድምፅ ነው እንዴ የምትጫወቺው? የጆሮዋን ማዳመጫ አንዱን ጆሮዬ ላይ ሰካችልኝ። ኮሪደሩ ውስጥ ቁም ሣጥን አለ። ባለቀበቶው ሲስል ሮጠሽ እዚያ ትገቢያለሽ፤ ከዚያ መስማት ነው።

ገባሁ። ጨለመ። አጠገቤ የአንዲት ልጅ ድምፅ፦ “ሽሽሽ... አትተንፍስ።” እግሩ ሲጎተት፣ ሲቀርብ፣ ሲርቅ። ከዚያ ልጅቷ፦ “አለፈ።”

ማዳመጫውን ነቅዬ ጣልኩት። ሚጢጢ ደነገጠች። ጆሮዬን አመመኝ አልኳት።

የእማዬ ካፖርት የሚሰቀልበት ቁም ሣጥን ነበር። አፉን በእጄ ይዤ... ሽሽሽ ስለው... ያንን ለማን ነገርኩ? ለማንም። የእኔና የእሱ ነበር። ሳይጠይቀኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ለዓለም ሁሉ አወጣው። አሁን የማላውቀው ሰው አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ እኔ “አለፈ” እስክለው ይጠብቃል።

ጥቅምት 15

ባለሱቋ ለአባባ ነገረቻቸው። ዳቦ ሊገዙ ወርደው፣ “ልጅዎ የሠራውን ጌም እኔ ቤት ሁሉም ነው የሚጫወተው” ብላቸው። ደረታቸውን ነፍተው ተመለሱ። አሳዪኝ አሉኝ። ስልኬ ተበላሽቷል አልኳቸው። ስልኬ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጮኸ።

አሳዪኝ። አይሆንም። ለምን? ዓይንዎን ያደክምዎታል። እራታቸውን ገፉት።

ጥቅምት 16

አኩርፈዋል። መድኃኒታቸውን እንኳ ፊታቸውን አዙረው ነው የዋጡት።

ጥቅምት 18

እረፍቴ ነው ዛሬ። ከሰዓት በኋላ ተሸነፍኩ። ምናልባት ቤቱ ጋ ሳይደርሱ ይሰለቻቸዋል አልኩ። መነጽራቸውን ሰጠኋቸው፣ የቱ ጋ እንደሚነካ አሳየኋቸው። እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ጌሙ የሠራላቸው ዓለም ባሕር ነበር፤ ደሴት በደሴት፣ አንዲት ጀልባ። ጀልባዋን ከአለት ጋር እያላተሙ ከት ብለው ሳቁ። ይሄን ሁሉ የሠራው ልጄ ነው አሉኝ። ጌሙ ራሱ ነው የሚሠራው አልኳቸው። “ጌሙንስ ማን ሠራው?” አሉኝ፤ ኮርተው።

አንዱ ደሴት ላይ ቤቱ ነበር። ስልኩን ልቀበላቸው እጄን ሰደድኩ፤ በክርናቸው ገፉኝ። ኮሪደሩ ውስጥ ገቡ። የባለቀበቶው ሳል ተሰማ። ከዚያ የእግሩ መጎተት።

አልሸሹም። ድንክዬውን ሰውዬ ኮሪደሩ መሃል አቁመው ጠበቁ። ባለቀበቶው ደረሰበት፣ መታው፣ አለቀ። ሌላ ዓለም ተሠራ፤ በረሃ። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በረሃውን አቋርጠው ቤቱን ፈልገው ገቡ። አሁንም ቆሙ። አሁንም ተመቱ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

“ተሳስቷል” አሉ።

ምኑን?

“በግራው ነው ያስያዘው። እኔ በቀኜ ነበር።”

ደግሞም፣ የተሰበረ ሰዓት እንደሚመረምር ሰው፣ “እንዲህም አልቸኩልም ነበር። ቀስ ብዬ ነበር የምመጣው” አሉ።

ስልኩን መለሱልኝ። ሻይ አፍዪልኝ አሉኝ።

አፈላሁ። ለምን አፈላሁ? ስኳር ሳልጨምር አማስዬ፣ ብርጭቆውን ጠርጌ ሰጠኋቸው። እጄ የለመደውን ሠራ። እኔ የት ነበርኩ?

ጥቅምት 19

ቀኑን ሙሉ ማሽኑ ላይ ቆሜ ስጨስ ዋልኩ። ሚጢጢ ደንበኞቹን ሁሉ ወደ ራሷ ወሰደችልኝ፤ ምን ሆነሻል እንኳ አላለችኝም። እግዜር ይስጣት።

የታናሼ ክንድ እንዴት ተሰበረ? አላስታውስም ይላሉ። እማዬ ለምን ያን ሁሉ ጊዜ እህቷ ቤት ከረመች? እኔ እንጃ። ከጓሮ ያለውን ፊውዝ መቼ እንደቀየሩት ግን ያስታውሳሉ። የድሮ አለቃቸውን የመኪና ታርጋ ያስታውሳሉ። እኔ ነኝ ጅሏ። ለወንድሜ በየስልኩ፦ ይቅር በላቸው፣ እሳቸው እኮ ምንም አያውቁም። ስንት ዓመት የሰው ውሸት በገዛ አፌ ተሸክሜ ሳደርስ ኖርኩ።

ቤት ስደርስ እግራቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። ሳፋው ፊታቸው፣ ፎጣው ጉልበታቸው ላይ።

“ታስታውሳለህ” አልኩት።

አንተ። አባቴን። በሕይወቴ ብዬው አላውቅም። ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለስ ይቻል ነበር፤ አልመለስኩትም።

ቀና ብሎ አየኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም።

“ማን ይረሳል?” አለ።

ታዲያ ለምን አልኩት። እኔ ስጠይቅህ፣ ስለምንህ፣ ለምን?

“አስታውሳለሁ ብልሽ፣ እግሬን ታጥቢልኝ ነበር?”

ሲናገረው አልተሸማቀቀም። ይህን ሁሉ ጊዜ አስቦበታል ማለት ነው። አስቦ፣ መዝኖ፣ እግሩን ዘርግቶ።

የሞቀውን ውሃ ሳፋው ውስጥ ገለበጥኩ፣ ሳሙናውን አጠገቡ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ዝቅ ማለት ወገቡ እንቢ ይለዋል። አውቃለሁ። ወጣሁ።

ጥቅምት 20

ሳፋው ተደፍቷል። ወለሉ ሁሉ ውሃ። እየተቸገረ አጥቦታል መሰለኝ። አላዘንኩለትም። ትንሽ አዝኜ ይሆናል። ይህም ያናድደኛል።

ጥቅምት 22

ለታናሼ ደወልኩ። ልክ ነበርክ አልኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ደስ አላለውም። ጀልባውን ነገርኩት፣ ኮሪደሩ ላይ መቆሙን፣ ስለ እጁ ያለውንም።

የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

“ፊት ለፊቱ ስለምቆም ነው” አለኝ። “ለእኔ በግራ በኩል ነበር የሚታየኝ።”

ቁመቱ እስከ አባባ ቀበቶ መታጠቂያ ነበር ያኔ።

ኋላ ስለ ቁም ሣጥኑ ተቆጣሁት። የማን ድምፅ ነው አልኩት። የራሱን ድምፅ አቅጥኖ ነው። ብጠይቅሽ እምቢ ትዪኛለሽ ብዬ ነው አለ። አዎ፣ እምቢ እልህ ነበር! ካልሽ አወጣዋለሁ፣ ቁም ሣጥኑ ግን ያለ አንቺ ምንም አይደለም፤ የገባ ሁሉ ይያዛል አለኝ። ላስብበት አልኩት። አሁንም ተናድጄበታለሁ፤ እሱም ያውቃል። ግን ስለ አባባ ሲያወራ “እሱ” ሲል አላረምኩትም። እኔም “እሱ” ስል ሁለታችንም ሰማነው።

ኅዳር 11

ከአባባ ቤት ወጥቼ የተከራየሁት ክፍል ከጎማ ቤት በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲነፋ፣ ብረት ሲወድቅ ይውላል። ሲመሽ ግን ጸጥ ይላል፤ ኮሪደር የለውም፣ በሩ ሲከፈት በቀጥታ ደረጃው ነው። ሚጢጢ መጋረጃ ሰቀለችልኝ። ወንበር ላይ ቆማም አልደረሰችም፤ ወንበሩ ላይ ሌላ ወንበር ደረበች።

ለአባባ እግር ነርስ ትመላለስለታለች። ቁስሉ ደህና ነው፣ እሱ ግን ነጭናጫ ሆኗል አለችኝ። እሷን እንደማያስቃት ስሰማ ደስ አለኝ። መጥፎ ሰው ሆኜ ይሆን? ልሁን።

ስወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር የነገርኩት። ለልጅህ ደውልለት፤ ለእኔ ያልከኝን ንገረው፤ እስከዚያ እንድመጣ አትጠብቀኝ። ግድግዳውን ሲያይ ትቼው ወጣሁ። እንደማይደውል እርግጠኛ ነበርኩ።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ታናሼ ደወለ። ድምፁ ልክ አልነበረም።

“ደወለልኝ።”

ምን አለህ?

“‘አስታውሳለሁ’ አለኝ። ‘በቀኝ እጄ ነበር’ አለኝ። ከዚያ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ሥራ አለብኝ ብዬ ዘጋሁት።”

ይቅርታስ?

“አላለም።”

ያኔ አበድኩ። ከመነጽር ቤቱ ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆሜ አባቴን የማላውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት። ታናሼ በዚያ በኩል ተቀበለኝ። ሰው ዞሮ እያየኝ ያልፋል። ልጅ ሆነን ቁም ሣጥኑ ውስጥ እንዲሁ እንሰድበው ነበር፤ በሹክሹክታ። ዛሬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ። መጨረሻ ላይ ታናሼ ሳቀ፣ ወይም አለቀሰ፤ አልለየሁትም።

ድምፅሽን ላውጣው ወይ ብሎ ጠየቀኝ ደግሞ። ተወው አልኩት፤ የሚጫወቱት ልጆች የት ይደበቁ? ግን በሚቀጥለው ጠይቀኝ።

ቅዳሜ ልምጣ አለኝ። ቤት ጥሎ ከሄደ ጀምሮ ልምጣ ብሎኝ አያውቅም። የት ነው ግን የምመጣው ሲለኝ እንደገና ተናደድኩ።

“የት ይሆናል? ቤቴ ነዋ” አልኩት።

ያለኝ አንድ ፍራሽ ነው። ነገ ሌላ እገዛለሁ።