ከእድር ያስወጣኝ ወረቀት

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ወረቀቱ እማማን አይጨምርም።

ዛሬ እማማን ጤና ጣቢያ ስወስዳቸው የኢንሹራንሱን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር፣ ለሕክምናው ይረዳናል ብዬ። የሚያክማቸው ድሬሰር አነበበና ፈገግ አለ። «ይሄ እኮ የባልሽ የሕይወት ኢንሹራንስ ነው። እሱ ከሞተ ነው የሚከፍሉሽ። እናቱ ቢታመሙም ቢሞቱም አያገባቸውም» አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ የሰው ደብዳቤ ስመታ ኖሬያለሁ። የገዛ ቤቴን ወረቀት ግን በደንብ አላነበብኩትም።

የእማማ ሳንባ ውሃ ቋጥሯል። አዲስ አበባ ቢሄዱ ጥሩ ነበር አለ፣ ወዲያው ደግሞ መንገዱን አይችሉትም አለ። መርፌ ወግቶ መለሰን።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢያንስ እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ።

ባሌ ማቴዎስ ከሌሎች አስተማሪዎች ጋር ለሰፈራ ዘመቻ ሊላክ ሲል አንድ የኢንሹራንስ ሰው ከአዋሳ ወደ ትምህርት ቤታቸው መጥቶ ነበር። የሚሄዱበት አገር ወባ አለ ይባላል። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፣ ያለነው እኔ፣ እሱና እናቱ ነን። እሱ ቢሞት በምን እንኖራለን ብዬ ነዝንዤ አስፈረምኩት። እሱ ሲሄድ ደግሞ እድሩን መክፈል ተውኩ። ለሞት ሁለት ቦታ ምን ያስከፍለኛል አልኩ። ቆጣቢ መሆኔ ነው! ሦስት ወር ዘለልኩ፣ በአራተኛው ስማችንን ሰረዙት። ማቴዎስ አያውቅም።

እንግዲህ እማማ ዛሬ ቢሞቱ ጡሩምባ አይነፋም። ድንኳን የለም። አግዳሚ ወንበር የለም። ጉድጓድ የሚቆፍር የለም። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ደግሞ ተሰብስበን የምንዘምረው ቀብር ላይ ብቻ ነው። ያለ እድር ለእማማ ማን ይዘምርላቸዋል?

ሐሙስ፣ የካቲት 6

የእድሩን ጸሐፊ አቶ ላምቤቦን ለመንኳቸው፣ ቤት ድረስ መጡ። እማማ በር አጠገብ ተኝተው ስለነበር በአማርኛ አወራን። ሀድይኛ ብናወራ ይሰሙናል ብለን ነው።

«የወጣ ሰው የሚገባው እንደ አዲስ ነው» አሉ። «ሁለት ወር ይጠብቃል። እስከዚያ ከቤቱ ሰው ቢሞት እድሩ አይቀብርለትም። ቀብር ላይ ስሙ ሲጠራ አንዴ ከቀረ ደግሞ ሁለት ወሩን እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።»

«እማማን እያዩ አቶ ላምቤቦ?»

«እያየሁ ነው እንጂ እህቴ፣ እኔንስ አላመመኝም? ሕጉን ላንቺ ካፈረስኩት ለማን እምቢ እላለሁ?»

ጠላኋቸው። ግን ምን ያድርጉ፣ እውነታቸውን ነው። ተመዘገብኩ። ሚያዝያ 6 ይሞላልኛል።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ለማቴዎስ ደብዳቤ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። «እናትህ ትንሽ አሟቸዋል» ከሚለው አላልፍም።

እማማ የቡላ አጥሚት ሁለት ማንኪያ ቀመሱ። መርፌው ምንም ያመጣው ለውጥ የለም። እግራቸው አብጧል።

ማታ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ጸለይኩ። አሜን ካልኩ በኋላ ነው ያልኩት የገባኝ። ጌታ ሆይ ፈውሳቸው አላልኩም። ጌታ ሆይ፣ እስከ ሚያዝያ ስድስት አቆይልኝ ነው ያልኩት። በራሴ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ፊታቸውን ሳጥባቸው እማማ ዓይናቸውን ገለጡና በሀድይኛ «ሚያዝያ ስንት ቀን ቀረው?» አሉኝ።

ፎጣው ከእጄ ወደቀ።

«አማርኛ ይሰማሉ እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት ከሀደሮ እስከ አዲሎ ገበያ ቅቤ ስሸጥ ከነጋዴው ጋር በምን ቋንቋ የተከራከርኩ መሰለሽ?»

አሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቤት ስንኖር አንዴ እንኳ በአማርኛ መልሰውልኝ አያውቁም። ያወራሁትን ሁሉ፣ ያማኋቸውን ሁሉ ሰምተዋል ማለት ነው! ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ፣ ልቅሶው በለጠ። ስለ እድሩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«የልጄን ሞት ፈርተሽ ነው» አሉ። ትንሽ ካረፉ በኋላ «እሞክራለሁ። ግን ብዙ አልችልም» አሉኝ።

እሑድ፣ የካቲት 9

ትንፋሻቸው አጥሯል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ቀበሌ ስብሰባ ቀረሁ። የስኳር ራሽኔን ይቆርጡብኛል። ይቁረጡት።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ተነፋ። ክው ብዬ ወደ እማማ አልጋ ዞርኩ። ይተነፍሳሉ። የሞቱት ከታች ሰፈር ያሉት ልብስ ሰፊ ናቸው። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።

እስከ ስድስት ሰዓት እማማ ዓይናቸውን አልገለጡም። የሚቀመጥላቸው ሰው ፍለጋ ከደጅ ደጅ ዞርኩ። ማን ይገኛል? ጎረቤቱ ሁሉ እድርተኛ ነው፣ ሁሉም ቀብር ይሄዳል። ልቅር ብዬ ነጠላዬን አወለቅሁ። ከቀረሁ ግን ከዛሬ ጀምሮ እንደገና ሁለት ወር ነው። መልሼ ለበስኩት። አሁንም አወለቅሁት።

«ሂጂ» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ውሃ አጠገባቸው አስቀምጬ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ሄድኩ። ብቻቸውን ትቻቸው።

መቃብሩ ላይ ዘመሩ፣ እኔ አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው። ከዚያ አቶ ላምቤቦ መዝገቡን ገለጡ። አዲስ ገቢ የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው። ያን ሁሉ ሰው እየጠሩ፣ የቀረውን እየጠየቁ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ! ስሜን ሲጠሩ «አለሁ!» ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ሳላቸውን ሰማሁ። ሳል እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ገብቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፣ በአማርኛም አናገሩኝ።

«ስምሽን ጠሩት?»

«ጠሩኝ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ትንሽ ልተኛ።»

ይኸው ተኝተዋል። በአንድ እጄ እጃቸውን ይዤ በሌላው እየጻፍኩ ነው። ይተነፍሳሉ። ሃምሳ ስድስት ቀን ቀርቷል።