ወፎቹ የማይረግጡት ክብ

ጥቅምት 22
ሸዋ በር ያለውን ፎቶ ስቱዲዮዬን ከሰዓት ልክፈተው ብዬ በማለዳ ሚኒባስ ሐረማያ ሐይቅ ሄድኩ። እግረ ረጃጅሞቹ ወፎች መጥተዋል። ሐይቁ ከሸሸበት ጭቃ ላይ ምንቃራቸውን እየሰኩ ትል ይለቅማሉ። መቶ አርባ ፎቶ አነሳሁ። ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ከምውል ይሄ ይሻላል... ወፍ ቢያንስ ‘አጠቆርሽኝ’ አይልም።

ጥቅምት 25
ፎቶዎቹን ኮምፒውተር ላይ አሳድጌ አየኋቸው። ጭቃው በሙሉ በዱካቸው ተዥጎርጉሯል። መሀል ላይ ግን አንድ ክብ ቦታ... አንድም ወፍ አልረገጠውም። ለምን?

ጥቅምት 29
ዛሬም ያው። እየለቀሙ ይመጡና ክቡ ዳር ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። ከዚያ ዞረው ያልፋሉ። ፀሐይ ላይ ቆሜ በረደኝ።
ጠጋ ብዬ ላንሳ ብዬ ጫማዬን ሳወልቅ፣ የጫት ማሳቸውን የሚያጠጡ ሽማግሌ ከኋላዬ “ይውጥሻል!” ብለው ጮኸው አስቆሙኝ። ሐጂ አብዱልፈታ ይባላሉ። ሐይቁ ደርቆ በነበረ ጊዜ እዚያ የውሃ ጉድጓድ ነበራቸው። የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ሲበላሽ ለመካኒክ ነግረው ሐጅ ሄዱ። ሲመለሱ ጉድጓዱ ተደርምሷል።
“መካኒኩ ብቅም አላለ። ወላሂ፣ እስካሁን ቅር ይለኛል” አሉኝ።
ስሙን ጠየቅኳቸው። ለምን ጠየቅኩ?
“ሽፈራው።”
ጫማዬን አጥልቄ፣ ተሳፍሬ ተመለስኩ።

ጥቅምት 30
ስቱዲዮ አልከፈትኩም። ባሌ ሽፈራው ሞተር ልጠግን ብሎ ከወጣ አሥራ አምስት ዓመቱ። ሌላ ሴት ይዞ ጅቡቲ ገባ ተባለ። አመንኩ። መጠበቁ ከብዶኝ ነው መሰለኝ... መናደዱ ቀለለኝ። ለልጃችን ለልደትም ያንኑ እየነገርኩ አሳደግኳት።

ኅዳር 3
ለሐጂ የማን ሚስት እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ረጅም እንጨት አምጥተው ክቡ ላይ ሰኩት። ጭቃው ሙሉውን ዋጠው። ወፎቹ አልበረሩም። ዳር ዳሩን ቆመው ያዩን ነበር። ፈራሁ።

ኅዳር 11
ፖሊስ ባለበት፣ ውሃው በሞተር እየተሳበ አራት ቀን ተቆፈረ። ዛሬ የባሌ የመፍቻ ሳጥን ወጣ። ክዳኑ ላይ ስሙ አለ፣ እኔው በቀለም የጻፍኩለት። ከሥሩ እሱ... ሐጂ “አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ” እያሉ አለቀሱ። እኔ እንባ አልመጣልኝም።

ኅዳር 12
ቀበርነው። ልደት ከድሬዳዋ ደርሳለች። አባትሽ አልከዳንም ልላት ቃል ሳዘጋጅ ነበር ያደርኩት። ቀደመችኝ።
“እማ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሰደብኩት እኮ” አለችኝ።
እኔ ነኝ ያሰደብኩሽ አልኳት።